አሥራ ሦስት ሜትር

ሐምሌ 7 ቀን 2017፣ ጎረቤላ

ይህ ደብተር የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክሴ ነበር። ሦስት ገጽ ፊዚክስ አለው፤ የቀረው ባዶ ነው። ልክ እንደኔ።

ዝናቡ ከሰኔ ጀምሮ አላባራም። መብራት በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣ ትልቅ ነገር ነው። ጉሙ በር ሲከፈት ከሰው ቀድሞ ይገባል። አንኮበር በክረምት ሌላ ሥራ የለውም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

እቤት ያለነው ሦስት ነን። እማዬ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። አባባ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው አሁን ዓይናቸው ደክሟል። በር ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ይለያሉ፤ «የዚህኛው ፍሬን ሊጨርስ ነው» ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። እህቴ ንጋቷ ባሕር ዳር የመርከብ መኮንንነት ተምራ መጥታለች። እኔ ምስጋና፣ የጋሽ ገብረ ጻድቅ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ማታ ዱቄት ለብሼ ስገባ «መንፈሱ መጣ» ትለኛለች።

ንጋቷ መርከብ ላይ ለመውጣት አንድ ፈተና ቀርቷታል። ላፕቶፗ ላይ የባሕር ካርታ አለ፤ ወረቀት አይደለም፣ የሚነካና የሚጮህ ካርታ። በሱ ላይ አንድ ትልቅ መርከብ ከጅቡቲ ጂዳ የሚሄድበትን መንገድ ነጥብ በነጥብ አውጥታ እስከ ነሐሴ 23 መላክ አለባት። ካፒቴን ፍቃዱ የሚባል ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ ያየዋል። የሚወስዱት ሦስት ሰው ነው፤ የሚወዳደሩት አርባ ናቸው። ይኼ ካለፋት እንደገና የሚጠሩት መቼ እንደሆነ አይታወቅም።

እሷ ከሄደች የአባባን የዓይን ጠብታ ማን ያደርጋል? እኔ ስሞክር ጆሯቸው ውስጥ ነው የሚገባው።

ሐምሌ 9

ዛሬ አንዲት ትንሽ ቀልድ ዘራሁ።

ንጋቷ ጠዋቱን ሙሉ መርከቧን ለካርታው ስታስተዋውቅ ዋለች፤ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ምን ያህል ውሃ ውስጥ እንደሚገባ። ለአባባ ጠብታ ልታደርግ ስትነሳ ክፍት ትታው ሄደች። ጥግ ላይ በትንሽ ሳጥን 13 የሚል ቁጥር አየሁ። አንዱን አጠፋሁት፤ 3 ቀረ። ካርታው ከሩቅ እንዲያሳይ ተደርጎ ስለነበር ትንሽ ብልጭ ከማለት በቀር ምንም አልሆነም።

ተመልሳ ስትቀመጥ ፊቷን እያየሁ ጠበቅሁ። «ምን ያስገለፍጥሃል?» አለች። «ምንም፣ ቁንጅናሽ ነው» አልኳት። በጫማ ወረወረችኝ፤ ሳተችኝ።

ነገ ታይና ትጮኻለች።

ሐምሌ 10

አልጮኸችም።

ሐምሌ 14

ላፕቶፑ ቻርጅ የሚደረገው እኛ ወፍጮ ቤት ነው፤ ጋሽ ገብረ ጻድቅ ከሞተሩ ጋር ዲናሞ አስገጥመዋል። በየቀኑ በፌስታል ጠቅልዬ፣ በላዩ ላስቲክ አልብሼ፣ እንደ ታቦት ይዤው እሄዳለሁ። ወረፋ ለሚጠብቁት ሴቶች እህቴ ባሕር ገዝታ እዚህ ውስጥ አስቀምጣለች አልኳቸው። ጎረቤታችን እማማ አልታየች አላመኑኝም፤ ግን ማታ መጥተው አሳይኝ አሏት።

ንጋቷ ከፍታ አሳየቻቸው። ረጅም ጊዜ አይተው፣ «ውሃው ላይ ቁጥር የጻፈው ማነው?» ብለው ጠየቁ። የጥልቀት ቁጥር ነው፣ መርከብ እየሄደ የለካው ነው አለቻቸው። «ታዲያ ቁጥሩን ውሃው አይወስደውም?» አሉ። እኔ በሳቅ ልሞት። ንጋቷ ግን አልሳቀችም፤ ውሃ ከሥሩ ያለውን አሸዋ እየወሰደ እንደሚያመጣና ካርታው በየሳምንቱ እንደሚታደስ አስረዳቻቸው። እማማ አልታየች ሲወጡ ለኔ በጆሮዬ፣ «ባሏ ዓሣ ሊሆን ነው በለኛ» አሉኝ።

ሐምሌ 19

ዝናብ። ሞተሩ ሁለቴ ቆመ። ደክሞኛል። ሳጥኑን እስካሁን አላየችውም። እንዴት ሰው አሥራ ሦስትን አይናፍቅም?

ሐምሌ 24

ዛሬ ምነው ባላወቅሁት የሚያሰኝ ነገር አወቅሁ።

የፈጨሁት ጤፍ አልቆ ቶሎ ገባሁ። አባባ ንጋቷን፣ ይኼ ካርታሽ ድንጋይ መኖሩን በምን ያውቃል ብለው ጠየቋት። ባልዲ አምጥታ ውሃ ሞላች፣ ከሥሩ አንድ ድንጋይ አኖረች፣ ጭልፋውን እንደ መርከብ አንሳፈፈች። የአባባን እጅ ይዛ ድንጋዩንና ጭልፋውን አስነካቻቸው። «የኔ መርከብ አሥር ሜትር ተኩል ውሃ ውስጥ ይገባል» አለች። «ትንሽ ትርፍ ጨምሬ አሥራ ሦስት ብዬ ለካርታው ነግሬዋለሁ። ጥልቀቱ ከአሥራ ሦስት ያነሰውን ውሃ ሰማያዊ ያደርግልኛል፣ መንገዴ እዚያ ከገባ ይጮኻል። ነጩ ላይ ከሄድኩ ሰላም ነኝ።»

«ተሳስተሽ ሌላ ብትነግሪውስ?» አሉ አባባ።

«ያልኩትን ያምናል። እሱ ምን ያውቃል።»

ጭልፋው ድንጋዩን ነክቶ ቂው አለ። አባባ ሳቁ። እኔ ልጠጣ ብዬ ተነሳሁ፤ ከባልዲው ልቀዳ ነበር።

አሁን ልነግራት እችል ነበር። ግን አባባ ስቀው ነበር፤ ከሳቁ ቆይተዋል። ነገ እነግራታለሁ። ደግሞ በካርታው ላይ ቁጥሩ አለ፤ ቁጥሩን ታያለች።

ሐምሌ 26

ቁጥሮቹን አጥፍታቸዋለች። ሲበዙ ስክሪኑ ተልባ የፈሰሰበት ይመስላል አለች። በቀለሙ ብቻ ነው የምትሠራው።

ሐምሌ 30

እስካሁን አሥራ ስምንት ነጥብ አውጥታለች። ባትሪው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚይዘው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰው እንደሚያሳድዳት ትሠራለች፣ ሲጠፋ ግድግዳ እያየች ትቀመጣለች። ዓይኗ ቀልቷል። ከአባባ ጠብታ አንድ አንድ ላድርግልሽ ወይ አልኳት። «አንተ ዱቄት፣ ዞር በል» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ጉልበት የለም።

ነገ እነግራታለሁ ያልኩት ስንት ቀን ሆነ? መቁጠር ከማልወደው ትምህርት አንዱ ነው።

ነሐሴ 3

ላፕቶፑን ወፍጮ ቤት ከፈትኩት። የይለፍ ቃሉ የእማዬ ስም ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። ሳጥኑን አግኝቼ 13 አልኩት። ከዚያ መልሼ 3 አደረግሁት። ሰው ጠራኝ።

ዛሬ ብዙ ገብስ ነበር። ከሰላ ድንጋይ የመጣ ሰው ሦስት ጆንያ በሶ አስፈጭቶ፣ ዱቄቱ ሻካራ ነው ብሎ ከጋሽ ገብረ ጻድቅ ጋር ሲነታረክ ዋለ። የወፍጮው ድንጋይ ተበልቷል፣ መወቀር አለበት፤ እኔ ከሳምንት በፊት አይቼ ነበር። ለምን አልተናገርክም አሉኝ። ረሳሁት አልኩ። «አንተ የምትረሳው የምታውቀውን ብቻ ነው» አሉኝ ጋሽ ገብረ ጻድቅ። ሰዎቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። የሰውየው ፈረስ ጭራ ላይ የወንፊት ቁራጭ አሰርኩ። አላሳቀኝም።

ቁጥሩን ወደ 3 ስመልሰው ሰው አልጠራኝም ነበር። 13 ስለው ሰማያዊው ባንዴ ነው የመጣው፣ ከየዳርቻው። መንገዷ ሁለት ቦታ ላይ ሰማያዊው መሐል ገብቶ ቀላ፤ ላፕቶፑም መጮህ ጀመረ። ሴቶቹ ዞረው አዩኝ።

ጾም ነው። ትደክማለች። አሁን ብታየው ትታመማለች ብዬ ነው።

ነሐሴ 5

ቤት ስገባ ንጋቷ ለአባባ፣ «እኔ ብሄድ ምስጌ ይችላል?» ስትል ሰማሁ። አባባ ያሉት አልተሰማኝም፤ መኪና አለፈ።

ነሐሴ 9

አባባ ዛሬ ስለ ጣርማ በር አወሩ። በነሱ ጊዜ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው መብራት ራሱ ግድግዳ ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ነጠላ ጀርባው ላይ አጣፍቶ ከመኪናው ፊት በእግሩ ይሄዳል። ሹፌሩ ያንን ነጭ እያየ ነው የሚነዳው። ሃያ ቶን ጭኖ፣ ከግራው ገደል እያለ።

«መንገዱን አታይም» አሉ። «ሰውየውን ነው የምታየው። እሱ ወደ ገደል ቢሄድ አብረህ ነህ።»

ንጋቷ፣ «የኔ ነጭ ካርታው ነው» አለች።

አባባ ከሁሉም አንዱን ታሪክ ዘለሉት። እኔም አላስታወስኳቸውም።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆቹ መጥተው ጨፈሩ። አምና ሙልሙሉን በገመድ አስሬ ሲያነሱት እስብባቸው ነበር። ዘንድሮ ዝም ብዬ ሰጠኋቸው። አንዱ ትንሽ ልጅ ሙልሙሉን ገልብጦ ገመድ ፈለገ።

ነሐሴ 17

ጨረሰች። ሠላሳ አንድ ነጥብ። ፕሮግራሙ መንገዱን ራሱ የሚፈትሽበት ነገር አለው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሄዶበት «ምንም አደጋ የለም» አላት። ንጋቷ ተነስታ አባባን አቀፈቻቸው፣ እኔን አቀፈችኝ። ዱቄት ሆነች። አባባ መረቋት፤ «ወጥተሽ ግቢ፣ ባሕሩ ይግራልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ» አሉ።

«አሜን በል እንጂ» አለችኝ።

አሜን አልኩ።

ብተኛ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ እማማ አልታየች፤ ቅጠሉን ይዤ ስንት ቀን ቆምኩ? ደግሞ ለራሴ እንዲህ እላለሁ፤ ያ ካፒቴን ላያየው ይችላል። ካላየው ምን ችግር አለ? መርከቡ የውሸት ነው፣ ውሃው የውሸት ነው። ካየው ደግሞ ትቀራለች። ብትቀር እዚሁ ናት፣ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፣ ሒሳብ ጎበዝ ናት፣ አባባም ጠብታቸውን በሰዓቱ ያገኛሉ። ማንም አይሞትም።

ይህን ጽፌ መልሼ ሳነበው ጽሑፉ የኔ አይመስልም።

ነሐሴ 22

ረጅም ቀን። እጄ እስኪዝል እጽፋለሁ።

ኔትወርክ ከሳምንት በፊት ጠፍቶ አልተመለሰም። ቀነ ገደቡ ነገ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ንጋቷ አንድ ቀን ትርፍ ይኑረን ብላ ፋይሉን በፍላሽ ሰጠችኝና ደብረ ብርሃን ሄጄ እንድልክ ጠዋት ሸኘችኝ። እሷ አባባን ጤና ጣቢያ ልትወስድ ነበር። ፍላሹን በክር አስራ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ፤ «ከዚህ ጋር አትቀልድ» አለች። ለሌላው ነገር ሁሉ ፈቃድ የሰጠችኝ ይመስል።

ሚኒባሱ ከከተማው በላይ ካለው ጠማማ መንገድ ሲደርስ ጉሙ ዘጋ። ሹፌሩ ጓደኛዬ ባየው ነው፤ አብረን ተምረን አብረን የተባረርን። «አንድ ሰው ይውረድና ይምራኝ» አለ። ማንም አልተነቃነቀም። ቋጥኙን ሳየው ግን እኔ ወረድኩ።

ያ ቋጥኝ ነው አባባ የዘለሉት ታሪክ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን ስሚንቶ ጭነን ስንመጣ እዚያ ጉም ያዘን። የእማዬን ነጠላ አጣፍቼ ፊት ፊት ሄድኩ። ቋጥኙ ጋ ስደርስ ነጠላውን አውልቄ ቁጥቋጦው ላይ፣ ከገደሉ በኩል ሰቀልኩትና ከቋጥኙ ጀርባ ተደበቅሁ። አባባ ግራ ሲጋቡ ልስቅ ነው። ግራ አልተጋቡም። ነጩን አምነው መጡ። የፊት ጎማው ጠርዙን ሲይዝ ድንጋዩ ሲንኮታኮት እስካሁን ይሰማኛል። እንዴት እንዳቆሙት አላውቅም። ወርደው ነጠላውን አነሱ፣ አራግፈው አጠፉት፣ ተደብቄያለሁ፣ አላዩኝም ብዬ ሳስብ፣ «ና ግባ፣ ይበርድሃል» አሉኝ። ለእማዬ ዓይኔን አታለለኝ አሏት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ የአባባ ዓይን ከዚያን ቀን ጀምሮ ደከመ ይላል።

ዛሬ ነጠላ ስላልነበረ የዱቄት ጆንያ ጀርባዬ ላይ አድርጌ ባየውን አሻገርኩት።

ደብረ ብርሃን ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ፍላሹን ሰካሁ፤ ደብዳቤዋን አዘጋጅታ ሰጥታኛለች፤ የሚቀረው አንድ መጫን ነው። የቤቱ ሠራተኛ ልጅ ሦስት ጊዜ ጨረስክ ወይ አለችኝ። ሰባት ሰዓት ላይ ፍላሹን ነቅዬ ወጣሁ።

ቤት ስገባ አባባ በር ላይ፣ ንጋቷ እሳቱ ጋ ነበሩ።

«አልላክሁትም» አልኳት።

«ኔትወርክ እዚያም የለም?»

«አለ። ላፕቶፑን ክፈቺው።»

ሳጥኑን አሳየኋት። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ 13 ብላ ጻፈች። ሰማያዊው መጣ፣ መንገዷ ቀላ፣ ጩኸቱ ጀመረ። እስክትጮህ አርባ ሦስት ቀን የጠበቅኋት እኔ ነኝ፤ የጮኸው ግን ላፕቶፑ ብቻ ነበር። ድምፁን ዘጋችው።

«መቼ ነው?»

«ሐምሌ ዘጠኝ። ለቀልድ ነው።»

የማላውቀውን አንድ ዝርዝር ከፈተች። ለካ ካርታው የተነካበትን ሁሉ በቀንና በሰዓት ይመዘግባል፤ አይጠፋም፣ ከፋይሉም ጋር አብሮ ይሄዳል። በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ሐምሌ 9፣ ከ13 ወደ 3።» ጣቷ ቀስ ብሎ ወረደ። «ነሐሴ 3፣ ከ3 ወደ 13። ከአራት ደቂቃ በኋላ ከ13 ወደ 3።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«አንደኛው ቀልድ ነው» አለች። «ሁለተኛውስ?»

የጠብታውን ጠርሙስ አየሁ፤ መስኮቱ ላይ ነበር። ሌላ የማየው አልነበረኝም።

«ተይው ንጋቷ» አሉ አባባ ከበሩ። «ገብቶሻል።»

ነሐሴ 23

ንጋት ላይ ላፕቶፑን ይዘን ወፍጮ ቤት ገባን። ጋሽ ገብረ ጻድቅን ሄጄ ስለምናቸው ለምን አላሉኝም፤ ሞተሩን ያለ እህል አስነሱልን።

ቁጥሮቹን ሁሉ መልሳ አበራቻቸው። እኔ ከእያንዳንዱ ነጥብ ግራና ቀኝ ያለውን ጥልቀት ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አርባ ሁለት። ሠላሳ ስምንት። ሃያ አንድ። ሰባት። «ሰባት?» «ሰባት።» ነጥቡን መንገዱ ላይ ካሉት ደሴቶች ውጪ አወጣችው። እንደገና። በሕይወቴ ይህን ያህል ቁጥር አንብቤ አላውቅም። አንዱን ተሳስቼ ባነብስ ብዬ ሁለት ሁለቴ አነበብኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ጨርሰን አብረን ደብረ ብርሃን ሄድን። ከመላኳ በፊት ከታች አንድ አንቀጽ ጨመረች፤ የጥልቀቱ ቁጥር ከሐምሌ 9 እስከ ነሐሴ 22 የተሳሳተ ነበር፣ ሥራ ስጀምር በየቀኑ ማጣራት ሲገባኝ አላጣራሁም፣ መንገዱን ዛሬ እንደገና ሠርቻለሁ የሚል።

ለምን ስሜን አትጽፊም አልኳት።

«ካርታው ፊት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «አንተ መርከቡ ላይ የለህም።»

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ላከችው። በመንገድ ላይ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ሆን ብላ ይመስለኛል የተደገፈችው ብዬ ልጽፍ ነበር። አይደለም። ደክሟት ነው።

ነሐሴ 25

አባባን ጠብታ እኔ አደረግሁላቸው። አንዱ ጉንጫቸው ላይ፣ አንዱ ጢማቸው ላይ፣ ሦስተኛው ገባ። «ደረስክ» አሉ።

ነሐሴ 29

ኔትወርክ መጣ፣ ስልኩም ከኔትወርኩ ጋር። ካፒቴኑ ግማሽ ሰዓት ጠየቃት። ንጋቷ ቆማ ነው የምትመልሰው፣ የሚያያት ይመስል። ነሐሴ 3 ላይ ያሉትን አራት ደቂቃዎች ጠየቃት መሰለኝ፤ ዞር ብላ አየችኝና፣ «አላየሁም ነበር። ማየት ነበረብኝ» አለች። አንድም ጥሩ ቃል አልተናገራትም። በመጨረሻ፣ ሁለተኛ ሳታጣሪ ካርታ ፊት እንዳትቀመጪ፣ የጤና ወረቀትሽን ይዘሽ ጳጉሜ 4 ቢሮ ነይ አላት።

አባባ በር ላይ ሆነው ሁሉንም ሰሙ። ከዚያ፣ «የሚያልፈው አይሱዙ ነው» አሉ። ምንም መኪና አላለፈም ነበር።

ጳጉሜ 2

ጠብታ፦ ጠዋት ሁለት ሙከራ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ። ንጋቷ ከጎኔ ቆማ አየች። «ይችላል» አለች፤ ለኔ አይደለም፣ ለአባባ።

ሻንጣዋ ውስጥ የወንፊት ቁራጭ ልጨምር አስቤ ነበር። አልጨመርኩም። ቆይቼ ትንሽ ዱቄት ጫማዋ ውስጥ ጨመርኩ።

ጳጉሜ 3

ጠዋት ዝናቡ ሲወርድ የሰፈሩ ልጆች ሩፋኤል ነው ብለው እየተጠመቁ ይጮሃሉ። አባባ ሚኒባሱ ድረስ መጡ። የእማዬን ነጠላ ከካፖርታቸው ውስጥ አወጡና ለኔ ሰጡኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የት እንደነበረ አላውቅም።

«ባየው ዛሬ ጉም ይዞታል» አሉ። «እስከ ጠማማው ድረስ አሻግራት።»

አባባ ዓይናቸው ስንት ሜትር እንደሚያይ አላውቅም፤ ሲያጣፉልኝ ግን በትክክል አጣፉት።

ፊት ፊት ሄድኩ። ከኋላዬ የባየው ሞተር ቀስ እያለ ይከተላል። ወደኋላ ብዞር መብራቱ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ንጋቷ ከመብራቱ ጀርባ ናት፤ እሷ ግን እኔን ታያለች። ብቆም ትቆማለች፤ ይህን አሰብኩ። አልዋሽም፣ አሰብኩት። ቋጥኙ ጋ ስደርስ ጉሙ በጣም ወፍሮ ነበር። በቀኙ በኩል፣ ከገደሉ ራቅ ብዬ፣ በእጄ ድንጋዩን እየዳሰስኩ ሄድኩ፣ እጄ ባዶ እስኪነካ ድረስ። ከዚያ መንገዱ ተከፈተ። ዳር ቆምኩላቸው።

ባየው ጡሩምባ ነፋ። በመስኮቱ አንድ ጫማ ተወርውሮ ትከሻዬን መታኝ፤ ዱቄቱ ፊቴ ላይ በነነ። በዚህኛው አልሳተችኝም።

ጫማውን ይዤ በእግሬ እየተመለስኩ ነው። የስምንት ሰዓቱ ጠብታ ሳይደርስ እገባለሁ።